የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር ከመቀየራችን በፊት

(ተነጋጋሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ባልደረቦች ናቸው። እሷ ሥራ ከጀመረች ብዙ አልቆየችም፤ እሱ በዩኒክስ ሰርቨሮች ላይ ያረጀ ሰው ነው። የሚነጋገሩበት ሰርቨር ፍሪቢኤስዲ የተጫነበት ሲሆን የቅርንጫፍ ቢሮው ኢንተርኔት በሙሉ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው።)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የደሴው ሰርቨር ዛሬም ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሰው በብዛት ፋይል ማውረድ ሲጀምር ቀጥ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። ድራይቨሩ አርጅቷል መሰለኝ። አዲሱን ከዚሁ ሆኜ ልጫንበትና እንገላገል።

ጋሼ፦ ቆዪማ። ድራይቨሩ እንደሆነ በምን አወቅሽ?

ወጣቷ፦ ሎጉን አየሁት። «አርኢ0፦ ዋችዶግ ታይምአውት» የሚል መልእክት ተደርድሯል።

ጋሼ፦ ጥሩ፣ ከእሱ እንነሳ። ድራይቨሩ የሚላከውን ፓኬት ለካርዱ ያስረክብና መላኩን የሚያረጋግጥ ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ካርዱ ፈዟል ብሎ ይደመድምና እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ኔትወርኩ ጠፍቶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። መልእክቱ የሚነግረን እንግዲህ ምልክቱ አለመምጣቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንዳልመጣ አያውቅም። ጥፋቱ የድራይቨሩ ሊሆን ይችላል፤ የኬብሉ፣ የስዊቹ ወይም በሙቀት የተጎዳ ካርድም ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ እዚያ ያለው ልጅ ኬብሉን ቀይሮታል። ስዊቹ ላይም ወደ ሌላ ፖርት አዛውሮታል። ለውጥ የለም።

ጋሼ፦ ጎበዝ፣ ግማሹን ሥራ ጨርሳችሁታል። ካርዱስ ምንድን ነው?

ወጣቷ፦ ሪልቴክ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ሞዴል...

ጋሼ፦ ካርቶኑን ተዪው። አምራቾች የዕቃውን ስም ሳይነኩ ውስጡ ያለውን ቺፕ የሚለውጡበት ጊዜ አለ። ማሽኑን ራሱን ጠይቂ። «ፒሲአይኮንፍ» የሚለውን ኮማንድ በዝርዝር እንዲያወጣ አድርገሽ ስጪው።

ወጣቷ፦ ይኸው ወጣ። የአምራቹ ቁጥር አለ፤ የመሣሪያው ቁጥር ደግሞ 8168 ይላል።

ጋሼ፦ ከርነሉ ሃርድዌርን የሚለየው በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። አንዱ የአምራቹ ነው፤ የኢንቴል ለምሳሌ 8086 ነው፣ ድሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም። ሁለተኛው የቺፑ ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ዝርዝር በውስጡ ይዟል። ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድራይቨሮቹን ይጠይቃል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው ይረከበዋል። የሚረከበው ካጣ ባለቤት እንደሌለው በዝርዝሩ ላይ ይጽፋል። የኛን «አርኢ» የሚባለው ድራይቨር ተረክቦታል። ችግሩ ግን 8168 በሚል አንድ ቁጥር ስር ብዙ ትውልድ ቺፕ መኖሩ ነው። አምራቹ እያሻሻለ ሲያወጣ ቁጥሩን አልለወጠም። ስለዚህ ድራይቨሩ የትኛው ትውልድ እጁ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ከካርዱ ሬጅስተር አንብቦ ነው። ሲነሳ የጻፈውን መልእክት ወደ ላይ ሄደሽ ብታዪ የቺፑን ክለሳ ታገኚዋለሽ። እሱን ገልብጠሽ ያዢው፤ በኋላ ይፈለጋል።

ወጣቷ፦ ይህን ያህል መለያየት ካለማ፣ አንድ ድራይቨር ሁሉንም እንዴት ይችላል?

ጋሼ፦ በመከራ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢል ፖል የሚባል ባለሙያ ለፍሪቢኤስዲ የብዙ ርካሽ ኔትወርክ ካርዶችን ድራይቨር ጽፏል። አንዱ የሪልቴክ 8139 ነው፤ ርካሽ ስለነበር የትም የሚገኝ ካርድ ነበር። ያ ካርድ የመጡለትን ፓኬቶች ሁሉ አንድ ወጥ የሆነ የሜሞሪ ቀለበት ላይ እያከታተለ ይዘረግፋል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን ከዚያ እየቀዳ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት፤ ኔትወርኩ ሲበዛ የፕሮሰሰሩ ሥራ መቅዳት ብቻ ይሆናል። ሰውየው በሶርስ ኮዱ መግቢያ ላይ በካርዱ አሠራር ምን ያህል እንደተማረረ በግልጽ ጽፏል፤ ግን እንዲሠራ አድርጎታል። ቀጥሎ ለመጡት የተሻሉ ቺፖች «አርኢ»ን የጻፈውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰዎች የየክለሳውን ጠባይ እየተከተሉ ሲጠግኑት ኖረዋል። እኔ እነዚህን ሰዎች በጣም አከብራቸዋለሁ። አንቺ ዛሬ «አርጅቷል» የምትይው ድራይቨር ብዙ ሰው ሌሊቱን የሰጠበት ሥራ ነው።

ወጣቷ፦ ይገባኛል፤ ግን አክብሮት ኔትወርኩን አይመልስልንም። የካርዱ አምራች ራሱ ባወጣው ሶርስ ኮድ ላይ የተመሠረተ ሌላ ድራይቨር በፓኬጅ መልክ አለ አይደል? ያንን ብጭን ምን ክፋት አለው?

ጋሼ፦ ክፋት የለውም፤ ምናልባትም መድኃኒቱ እሱ ነው። እኔ የምልሽ ወደ እሱ የምትሄጂበትን መንገድ እንወቅ ነው። ድራይቨር እንደ ሌላው ፕሮግራም አይደለም። አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ከርነሉ ይገድለዋል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ድራይቨር ግን የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ነው። ሜሞሪው ሁሉ ክፍት ነው፣ የሚያስቆመው የለም። አንዲት የተሳሳተች አድራሻ ማሽኑን በሙሉ ይዛ ትወድቃለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን አስታውሺ። ዩኒክስ አልነበረም፣ ዊንዶውስ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ከርነል ውስጥ ለሚሠራው ሶፍትዌሩ አንድ የተበላሸ ፋይል ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ማሽኖች ወደቁ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። የተሳሳተው ፋይል ብዙም ሳይቆይ ተስተካክሏል፤ ግን ማሽኖቹ ተነስተው የተስተካከለውን መቀበል አልቻሉም። ሰው እየሄደ ብዙዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ማስነሳት ነበረበት። ወደኋላ መመለሻው አልተዘጋጀም ነበር።

ወጣቷ፦ ይህን ሲሉኝ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ብዙ ቢሮ ሄጄ የምሰማው «የሚሠራን ነገር አትንኩ» የሚለውን ነው። በዚህ ሰበብ ለዓመታት ያልተነካ ሰርቨር አይቻለሁ። እርስዎም ወደዚያው እየወሰዱኝ እንዳይሆን።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ፤ ይህን መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። አዲስ ቁጥር ስላየሁ ብቻ ብሎ በደንብ የሚሠራ ድራይቨር መቀየር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ያንቺ ግን ችግር አለበት፤ ስለዚህ አይመለከትሽም። የደህንነት ነገር ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ጉድለቶች ይፋ ሲወጡ ከርነሎች ተጠገኑ፣ አምራቾችም አዲስ ማይክሮኮድ አወጡ። ማይክሮኮድ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እንደገና መጫን አለበት። በፍሪቢኤስዲ ከርነሉ ገና ሳይጀምር፣ ከርነሉን የሚያስነሳው ጫኚ የሚባል ፕሮግራም ያስገባዋል፤ ለዚህም ፓኬጁ መኖርና ጫኚው የሚያነበው ፋይል ላይ መስመሩ መጻፍ አለበት። ሰርቨሩ ይሠራል ብሎ ይህን የተወ ሰው በሩን ክፍት ትቶ ነው የሚያድረው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። መቼ እንደምንነካ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደምንነካ ግን ሁሌም ያው ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ እንዴት ወደሚለው እንሂድ። ፓኬጁን ጭኜ ሞጁሉን «ኬኤልዲሎድ» በሚለው ኮማንድ ሳይጠፋ እዚያው ላስገባው?

ጋሼ፦ ሞክሪው፣ እምቢ ይልሻል። «አርኢ» ከመደበኛው ከርነል ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ በዚያው ስም ሌላ ሞጁል ላስገባ ስትዪ አስቀድሞ አለ ብሎ ይመልስሻል። ሁለተኛም፣ ያ ሰርቨር ፋየርዎል ስለሆነ የደህንነት ደረጃውን ከፍ አድርገን ነው ያስቀመጥነው። ደረጃው 1 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሞጁል ማስገባትም ማውጣትም ክልክል ነው፤ ሩት ሆነሽም ቢሆን። ደረጃውን ዝቅ ማድረግም አይቻልም፤ እንደገና መነሳት አለበት። አጥቂ ሩት ቢሆን እንኳ ከርነሉ ውስጥ የራሱን ሞጁል እንዳይተክል ነው።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ነው የሚገባው።

ጋሼ፦ አዎ። ከርነሉ ሥራ ሳይጀምር ጫኚው ሞጁሉን አብሮ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ቀድሞ የገባው ካርዱን ይረከባል። ጫኚው የሚያነበው ፋይል ላይ ሁለት መስመር ትጽፊያለሽ። አንዱ ሞጁሉ ይጫን የሚል ነው። ሁለተኛው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ የሚሰጥ ነው፤ ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው። ከርነሉ ባለበት ማውጫ ውስጥ ያው ስም ያለው ነባሩ ሞጁል አለ፤ ከውጭ የመጡ ሞጁሎች የሚቀመጡት ደግሞ በሌላ ማውጫ ነው። አድራሻውን ካልሰጠሽው ጫኚው ነባሩን አንስቶ ያስገባልሽና አዲሱን የጫንሽ እየመሰለሽ በአሮጌው ትቀጥያለሽ። ከተነሳ በኋላ «ኬኤልዲስታት» በዝርዝር ሲጠየቅ የትኛው ፋይል እንደገባ ከነአድራሻው ያሳይሻል። ያንን ሳታዪ «ተጭኗል» እንዳትዪኝ።

ወጣቷ፦ ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?

ጋሼ፦ ድሮማ ከዚህ ይብስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዩኒክሶች ድራይቨር የከርነሉ አካል ነበር። ሲስተሙ የሚያውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ በሁለት ሰንጠረዥ ይጻፋሉ፣ አንዱ እንደ ዲስክ ላሉት፣ አንዱ እንደ ተርሚናል ላሉት። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሰንጠረዡ ላይ ጨምረሽ ከርነሉን እንደገና ሠርተሽ ማሽኑን ታስነሺያለሽ። በፍሪቢኤስዲ አሁን ያለው የሞጁል አሠራር የመጣው በ3.0 ነው፣ በ1998።

ወጣቷ፦ ሌላ የሰማሁት ነገር አለ። ላፕቶፕ ላይ ከአንዱ ስሪት ወደ ቀጣዩ ሲያልፉ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ያ ከየት ይመጣል?

ጋሼ፦ የፍሪቢኤስዲ የግራፊክስ ድራይቨሮች በብዛት የተወሰዱት ከሊኑክስ ነው። የሊኑክስ ከርነል ለውስጥ ድራይቨሮቹ ቋሚ መገናኛ አልሰጥም ብሎ በግልጽ የወሰነ ነው። ምክንያት አለው፤ ድራይቨሮቹ ከከርነሉ ጋር በአንድ ቤት ስለሚኖሩ አንዱ ሲለወጥ ሁሉም አብረው ይታረማሉ። ፍሪቢኤስዲ ያንን ኮድ የሚያስኬደው የሊኑክስን ከርነል በሚመስል አንድ ድልድይ ላይ ነው፤ ድልድዩም የሊኑክስን ለውጥ ተከትሎ ይለወጣል። ፓኬጆቹ ደግሞ የሚሠሩት በአንድ የስሪት ቅርንጫፍ ውስጥ ድጋፍ ካላቸው ስሪቶች በአሮጌው ላይ ነበር። ለ13.1 የተሠራ የግራፊክስ ሞጁል 13.2 ላይ ሲገባ ድልድዩ ተለውጦ ያገኘዋል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ከርነሉ ይወድቃል። ያኔ መፍትሔው ሶርስ ኮዱን አውርዶ እዚያው ማሽን ላይ መገንባት ነበር። ከ14.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024 መጨረሻ ወዲህ፣ ለእያንዳንዱ ስሪት ለብቻው የተሠሩ የከርነል ሞጁሎች ያሉበት ማከማቻ ተከፍቷል። ብዙ ሰው ከጭንቀት አርፏል። ለኛም ይጠቅመናል፤ ፓኬጁን ከዚያ ማከማቻ ውሰጂ፣ ስሪቱም ከከርነሉ ስሪት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጪ።

ወጣቷ፦ ከዚያስ? ሪስታርት አድርጌ መጠበቅ ነው?

ጋሼ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የምትቀይሪው ድራይቨር አንቺን ከደሴ ጋር የሚያገናኝሽ ገመድ ራሱ ነው። አዲሱ እምቢ ቢል የምታስተካክይበት መንገድም አብሮ ተቆረጠ። እዚያ ያለው ልጅ ኬብል መቀየር ይችላል፤ የተበላሸ ቡት ግን በስልክ እየነገርሽው አያስተካክልም።

ወጣቷ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ሄጄ ልቀመጥ?

ጋሼ፦ ዲስኩ ዜድኤፍኤስ ነው፣ ስለዚህ መሄድ የለብሽም። «ቤክትል» የሚባለውን ታውቂዋለሽ? ከ12.0 ወዲህ አብሮ የሚመጣ ነው። አሁን ያለውን ሲስተም እንዳለ ቅጂ ትወስጂለታለሽ። ቅጂው በቅጽበት ያልቃል፣ ቦታም አይወስድም፤ የሚወስደው በኋላ የተለያየውን ያህል ብቻ ነው። ቅጂውን አንድ ማውጫ ላይ ከፍተሽ ፓኬጁን የምትጭኚው እዚያ ውስጥ ነው፣ ሁለቱን መስመሮችም የምትጽፊው እዚያ ነው። እየሠራ ያለውን ሲስተም አልነካሽውም። ከዚያ ቅጂውን ለሚቀጥለው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሳ ታዘጋጂዋለሽ፤ ለዚህ የተለየ ምልክት አለው።

ወጣቷ፦ አንድ ጊዜ ብቻ?

ጋሼ፦ አንድ ጊዜ ብቻ። ኔትወርኩ ከተመለሰ ገብተሽ አይተሽ፣ ሞክረሽ፣ ቋሚ ታደርጊዋለሽ። ካልተመለሰ ልጁ ማጥፊያውን ተጭኖ መልሶ ማብራት ብቻ ነው ያለበት፤ አሮጌው ሲስተም ይነሳል። ይህን ጥበቃውም ማድረግ ይችላል።

ወጣቷ፦ እኔ ደግሞ ልጨምርበት። ከተነሳ በኋላ እየጠበቀ ወደ ዋናው ቢሮ ፒንግ የሚያደርግ አጭር ስክሪፕት እዚያው ቅጂ ውስጥ ላስቀምጥ። አሥር ደቂቃ ሙሉ መልስ ካጣ ራሱ ሪስታርት ያድርግ። ያኔ ሰውም አያስፈልግም።

ጋሼ፦ ግሩም ነው። ይህን እኔ አላሰብኩትም። ሲሳካ ግን ስክሪፕቱን ማውጣትሽን እንዳትረሺ፤ አለዚያ የኢንተርኔት መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሰርቨሩ ሲነሳ ሲወድቅ ይውላል።

ወጣቷ፦ በመሀል መብራት ቢጠፋስ?

ጋሼ፦ ዜድኤፍኤስ የነበረውን ላዩ ላይ አይጽፍበትም፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ሲጨርስ ነው ወደ እሱ የሚዞረው። መብራት ቢጠፋ የምታጪው ያላለቀውን ቅጂ ነው። ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ። በፍሪቢኤስዲ የኔትወርክ ካርድ የሚጠራው በድራይቨሩ ስም ነው፤ ድራይቨር ሲቀየር ስሙም ሊቀየር ይችላል። የኛ ሁለቱም «አርኢ» ስለሆኑ የፋየርዎሉ ሕጎችም የአይፒ ቅንብሩም እንዳሉ ይቀጥላሉ። ካርዱን በኢንቴል ብንተካው ግን ስሙ «ኢኤም» ወይም «አይጂቢ» ይሆንና «አርኢ0» ብለን የጻፍነው ሁሉ ባዶ ይቀራል። ዲስክ ላይም ደርሷል። በ2012 ከ9.0 ጋር «ኤዲ» ሲባሉ የነበሩት ዲስኮች «ኤዲኤ» ሆኑ። በ14.0 ደግሞ የኤንቪኤምኢ ዲስኮች ከ«ኤንቪዲ» ወደ «ኤንዲኤ» ዞሩ። ለአሮጌው ስም ማገናኛ ቢተዉም ቅንብሩን አስተካክሉ ብለው አስጠንቅቀዋል። ዲስክን በመሣሪያ ስሙ ሳይሆን በሰጡት መለያ መጥራት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ቅጂውን አሁን ልጀምር።

ጋሼ፦ ከዚያ በፊት ሁለት ነገር። ነባሩ ላይ የቼክሰምና የፓኬት መከፋፈል ሥራን ከካርዱ ነጥቀሽ ለፕሮሰሰሩ ስጪ፤ በ«አይኤፍኮንፊግ» ይጠፋል፣ ሪስታርትም አይጠይቅም። አንዳንድ ክለሳ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ ከቆመልሽ ድራይቨር መቀየሩም ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከመነካቱ በፊት በ«አይፐርፍ» ለኪው። ስንት ሜጋቢት ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው? ይህን ካላወቅሽ አዲሱ ድራይቨር ማዳኑን ወይም በዚያ ቀን የሚያወርድ ሰው ማነሱን አትለዪውም።

ወጣቷ፦ ከተሳካ ደግሞ ለፕሮጀክቱ ልጻፍላቸው። የአምራቹ ድራይቨር ለኛ ቢበጅም ነባሩ እንደታመመ ነው። በየስሪቱ ፓኬጁን እያሳደድን መኖራችን ነው፤ ሌላውም ሰው ያው።

ጋሼ፦ በትክክል። ገልብጠሽ ያዢ ያልኩሽ የቺፑ ክለሳ ለዚህ ነው። ጻፊላቸው። የቺፑን ክለሳ፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የከርነሉን ስሪት፣ የሎጉን መልእክት፣ የቆመበትን የፍጥነት መጠን፣ የአምራቹ ድራይቨር መሥራት አለመሥራቱን። ድራይቨሩን የሚጠግነው ሰው ያንቺ ካርድ እጁ ላይ ላይኖር ይችላል። የሚያየው አንቺ የጻፍሽለትን ነው። «ኔትወርኬ አይሠራም» ብሎ የጻፈ ሰው ማንንም አልረዳም።

ወጣቷ፦ እንግዲያው መለኪያውን አሁን ላስኬደው። ከሰዓት ስለሆነ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ የት ላይ እንደሚቆም እናያለን።

ጋሼ፦ ቅርንጫፉን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጻፊው፤ ሎጉ ላይ ካለው ጋር እናስተያየዋለን።